ከሮሽ ይልቅ ሐረር ይቀርባል

ፈረንጆች ስለ አርቱር ራምቦ በሚጽፉት ነገር ውስጥ የማትቀር አንዲት ወሬ አለች። ቃሏ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል እንጂ ሐሳቧ ያው ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥም ጽፎ የጨረሰው ያ ተአምረኛ ልጅ ዓለምን ንቆ፣ ከሰው ተለይቶ፣ ማንም ወደማያውቀው የምድር ጥግ ሄዶ ጠፋ ይላሉ። የምድር ጥግ የሚሏት እንግዲህ ሐረርን ነው።

እኔ በዚህች ወሬ ብዙም አልከፋም ነበር። ሐረር ጀጎል ተወልዶ ያደገውና ዛሬ ብራስልስ የሚኖረው ወዳጄ ግን በሰማት ቁጥር ደሙ ይፈላል። «አቦ ተወና!» ይላል እንደ አገሩ ልጆች። «ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዓረቡ ሱቅ ከፍቶ ሲነግድባት የኖረች ከተማ እንዴት ነው ጥግ የምትባለው? ቆይ፣ እሱ የመጣበትን አገር አይተውታል?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነበር፤ ሄደን እንየው ተባባልን። ጉዱን ሁሉ ያመጣብንም እሱ ነው።

ራምቦ በ1854 የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አርደን በሚባለው አውራጃ፣ ሻርልቪል ከተማ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ከሐረርና ከኤደን ለእናቱና ለእህቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን በአብዛኛው የሚሄዱት ወደ ሻርልቪል አልነበረም። ከሻርልቪል ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሮሽ ወደምትባል የገበሬ መንደር ነበር። እናቱ ወይዘሮ ቪታሊ ኩዊፍ በ1825 የተወለዱት እዚያው ሮሽ ነው። የእርሻ ቤቱና መሬቱም የቤተሰባቸው ርስት ነው። የጦር መኮንን የነበሩት ባላቸው በ1860 ጥለዋቸው ስለሄዱ ልጆቻቸውን ብቻቸውን፣ በጸሎትና በቁጣ አሳደጉ። በኋላም ከተማውን ትተው ወደ ርስታቸው ተመለሱ።

ሮሽ ዛሬ ብቻዋን አትቆምም። ሹፊዪ ከምትባል ጎረቤቷ ጋር ተዳብላ ሹፊዪ-ሮሽ የምትባል አንዲት ኮሙን ሆናለች። ኮሙን ማለት በፈረንሳይ አስተዳደር የመጨረሻዋ ትንሿ እርከን ናት፤ አብዮቱ በፈነዳበት በ1789 መጨረሻ ላይ በወጣ ሕግ በየአጥቢያው የተቋቋመች። አገሪቱ ወደ 35,000 የሚጠጉ ኮሙኖች አሏት። ፓሪስ አንድ ኮሙን ናት። መቶ ሰው የማይሞላባት ሹፊዪ-ሮሽም አንድ ኮሙን ናት። ፓሪስ ከንቲባ አላት፤ ሹፊዪ-ሮሽም ከንቲባ አላት። ለከንቲባ ሲሆን ሕጉ ሁለቱን እኩል ነው የሚያያቸው፤ እኩል የማያያቸው አውቶቡሱ ነው።

አውቶቡሱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ሥራ ፓሪስ ከርሜ ስለነበር፣ ከዚያ እስከ ሻርልቪል በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ መድረስ እንደሚቻል አውቃለሁ። ከሻርልቪል ወደ ሮሽ ያለውን መንገድ ስጠይቅ ግን መልሱ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በራምቦ ዘመን ቮንክ በምትባል ጎረቤት መንደር የሚያልፍ የሕዝብ ባቡር ነበር፤ ዛሬ የለም። ገጠሩን የሚያዳርሰው አውቶቡስ በመሠረቱ ተማሪ ማመላለሻ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በእሑድ ደግሞ ጥያቄውን ማንሳትም ነውር ነው። እኛ ደግሞ ያለን እሑድ ብቻ፣ እሱም የኦክቶበር እሑድ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት። ስለዚህ ወዳጄ ከብራስልስ መኪናውን ይዞ ሊመጣ፣ ሻርልቪል ላይ አንስቶኝ ሊሄድ ተስማማን።

ሻርልቪል በማለዳ ደረስኩ። ዱካል አደባባይ አጠገብ ቡና ይዤ ተቀምጬ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

«ደርሻለሁ!» አለኝ ወዳጄ፣ በድል አድራጊ ድምፅ። «አቦ ምን ዓይነት ቆንጆ ከተማ ነው! ወንዝ አለው፣ ኮረብታ ላይ የፈረሰ ግንብ አለው፣ ሆቴሉ ለጉድ ነው። አንተ የት ነህ?»

«ሻርልቪል ነኛ። አንተስ?»

«ሮሽ! አንተን ከመጠበቅ ብዬ በቀጥታ መጣሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የራምቦን ቤት አሳዩኝ ስል ሰው ሁሉ ታንክ ነው የሚያሳየኝ።»

ጉዳዩ ለመገለጥ ጊዜ አልፈጀም። አርደን የሚባለው ደን ድንበር አያውቅም፤ ከፊሉ ፈረንሳይ፣ አብዛኛው ቤልጂየም ነው። በቤልጂየሙ በኩል፣ ኡርት በሚባል ወንዝ ዳር፣ ላ ሮሽ-አን-አርደን የምትባል የታወቀች የቱሪስት ከተማ አለች። በ1944 ክረምት ጀርመኖች በዚያ በኩል የመጨረሻ ትልቅ ማጥቃታቸውን ሲያደርጉ በቦምብ ወድማ እንደገና የተሠራች ናት። ለመታሰቢያ ታንክ ቆሞባታል፣ የጦርነቱ ሙዚየምም አለባት። የመኪናው አቅጣጫ መሪ «ሮሽ፣ አርደን» ሲባል ከሁለቱ ታዋቂዋን መረጠ። የገጣሚው ስም ደግሞ በእኛ አፍ ሲጠራ ከሲልቬስተር ስታሎኑ ራምቦ ጋር ልዩነት የለውም። ሰዎቹ ጥቁር እንግዳ የራምቦን ቤት ሲጠይቃቸው የጦርነት ፊልም የሚወድ መስሏቸው ወደ ታንኩ ቢሸኙት ምን ይፈረድባቸዋል?

እሱ ያን ሁሉ ተራራና ጥምዝማዛ መንገድ ተመልሶ እስኪመጣ እኔ ሻርልቪልን ስዞር ዋልኩ። ከተማዋ በ1606 በአንድ መስፍን ትእዛዝ፣ በገመድ ተለክታ የተመሠረተች ናት። አደባባይዋ በቀይ ጡብና በቢጫ ድንጋይ የተከበበ፣ ቀጥ ያለ፣ ሥርዓት የበዛበት ነው። የራምቦ ሙዚየም ሞዝ ወንዝ ላይ በተሠራ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። መቃብሩ ካለበት መካነ መቃብር መግቢያ ላይም ለሟቹ ደብዳቤ የሚጣልበት ቢጫ የፖስታ ሣጥን አለ። ከዓለም ዙሪያ ይጽፉለታል። በሕይወት ሳለ ከሐረር ሆኖ መልስ አልመጣልኝም እያለ እናቱን ሲወቅስ የኖረ ሰው መሆኑን ሳስብ፣ ፖስታው ትንሽ ዘግይቷል አልኩ።

ወዳጄ ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል፤ ፊቱም ከዝናቡ ሰማይ ጋር ተመሳስሏል። «ስለ ታንኩ አንድም ቃል እንዳትተነፍስ» አለኝና ወደ ደቡብ አቀናን።

ከሻርልቪል ወደ ደቡብ ሲወረድ አገሩ ይከፈታል። ደኑና ገደሉ ወደ ኋላ ይቀርና ሰፊ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል የእርሻ መሬት ይመጣል። በስተ ምዕራብ የሻምፓኝ ኖራማ ሜዳ ይጀምራል፤ በስተ ምሥራቅ አርጎን የሚባለው የደን ሰንሰለት ይታያል። መሐል ለመሐል ኤን የሚባል ዘገምተኛ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ደግሞም ያ ስኳር የሚጨመቅበት የቀይ ሥር ዘመድ ነጭ ሥር ይመረትበታል። ኦክቶበር የሥሩ መንቀያ ወር ነው። ከፊታችን የሥር ተራራ የጫነ ትራክተር ገባ። እሱ ወጥቶ ሌላ ገባ። መንገዱ በጭቃ ተለብጧል። መቅደም አይቻልም። ወዳጄ በሐረርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እያፈራረቀ ትራክተሩን መረቀው።

በዚሁ መንገድ ላይ የአርደንን ቦይ አገኘነው። ሞዝንና ኤንን ለማገናኘት በ19ኛው መቶ ዘመን የተቆፈረ፣ 88 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 44 የውኃ በሮች ያሉት ቦይ ነው። ለ ሼን ከምትባል ከተማ ወደ ኤን ሸለቆ ሲወርድ 27ቱ በሮች በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ተደርድረዋል። ጀልባው አንዱ በር ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋበታል፣ ውኃው ይቀነሳል፣ ጀልባው ዝቅ ይላል፣ የፊቱ በር ይከፈታል፣ ቀጣዩ ጋ ሄዶ ያንኑ ይደግማል። ሃያ ሰባት ጊዜ! ወዳጄ መኪናውን አቁሞ አየውና፣ «እኛ ዛሬ የምንሄደውም እንዲሁ ነው» አለ።

የነዳጁ መብራት የበራው እዚያው ነው። በመንገዳችን ያገኘነው ማደያ ሠራተኛ የለውም፤ ካርድ ብቻ ነው የሚበላው። የወዳጄን ካርድ አልበላም፤ የእኔንማ አሽትቶ ተፋው። ማደያው ባለቤት የለው፣ የምትለምነው ሰው የለ። በመጨረሻ ውሻዋን ልታናፍስ የወጣች አንዲት ደግ ሴት በራሷ ካርድ ቀድታልን ጥሬ ገንዘባችንን ተቀበለች። ወዴት ነው ብላ ጠየቀችን፤ ሮሽ አልናት። «ሮሽ ማን አላችሁ?» አለች። እኛም ለማለት ያህል «ዘመድ» አልን። ወዳጄ በኋላ ሲያስረዳኝ ውሸት አልነበረም፤ ሐረር 10 ዓመት ወጣ ገባ ያለ ሰው ዘመድ ነው።

ከሮሽ በፊት ያለችው ከተማ አቲኚ ናት። ዛሬ ስታዩአት በእሑድ ከሰዓት ዳቦ የማይገኝባት ከተማ ናት። በ7ኛው መቶ ዘመን ግን የፍራንክ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነበረባት። ሻርለማኝ ለዓመታት የተዋጋው የሳክሶኖች መሪ ቪዱኪንድ እጁን ሰጥቶ በ785 ክርስትና የተነሣው አቲኚ ላይ ነው። የሻርለማኝ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሉዊም በወንድሙ ልጅ ላይ ስላደረሰው ግፍ በ822 በሕዝብ ፊት ንስሐ የገባው እዚችው አቲኚ ላይ ነው። አንድ ንጉሠ ነገሥት በአደባባይ በደሌን ይቅር በሉኝ ያለባት ከተማ! ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የለም። የራምቦ ታላቅ ወንድም ፍሬዴሪክም በዚያችው በአቲኚ የመንገደኛ ሠረገላ እየነዳ ኖሯል፤ እናቱ ሥራውንም ጋብቻውንም አልወደዱለትም።

ከአቲኚ ወጥተን፣ አንድ ሁለት መገንጠያ አልፈን፣ ሮሽ ገባን።

ስለ ሮሽ ምን ልበላችሁ? መንገዱ አንድ ነው። ጥቂት ቤቶች አሉ። ሱቅ የለም፣ ቡና ቤት የለም፣ ሰው የለም። የኩዊፎች የእርሻ ቤት የነበረው ትልቁ ግቢ በ1918 ጀርመኖች ሲሸሹ አፈንድተውት ሄደዋል፤ የቀረው የግንብ ቁራጭና የመታሰቢያ ጽሑፍ ነው። በቦታው ላይ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራውን ቤት በ2017 አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ገጣሚ ፓቲ ስሚዝ ገዝታዋለች። መስኮቱ ተዘግቷል። ዝናቡ ይወርዳል። ወዳጄ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጭኖ ግንቡን ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ አየ። ከዚያ ዞር ብሎ መንገዱን አየ። ከዚያ ሰማዩን አየ።

«ይኼ ነው?» አለ።

«ይኼ ነው።»

«እና ሐረር ነው ጥጉ?»

እዚህ ላይ ለቦታዋ ፍትሕ ለመስጠት አንድ ነገር ልጨምር። በ1873 የበጋ ወራት ራምቦ «በገሃነም አንድ ወቅት» የተባለውን መጽሐፉን የጻፈው ሮሽ ላይ ነው። በመሐሉ ብራስልስ ሄዶ ወዳጁ ገጣሚ ቬርሌን ሰክሮ በሽጉጥ ግራ እጁን አቆሰለውና ተመልሶ መጣ፤ እህል ጎተራ ውስጥ ተዘግቶ እየጮኸ ጻፈ ይባላል፤ ሌላው ቤተሰብ ውጭ አዝመራ ይሰበስባል። መጽሐፉ ብራስልስ ላይ 500 ቅጂ ታተመ። ለማተሚያው የሚከፈለው ገንዘብ ስላልሞላ ራምቦ ጥቂት ብቻ ወስዶ ሌላው መጋዘን ውስጥ ቀረ። በ1901 አንድ ቤልጂየማዊ የመጻሕፍት ሰብሳቢ ከ400 በላይ ቅጂ አቧራ ለብሶ አገኘው። ሮሽ ያኔም ቢሆን ጎበዝ ገበሬ እንጂ ገጣሚ አልቸገራትም ነበር።

መኪናው የተቀበረው ልንመለስ ስንል ነው። ወዳጄ ለትራክተር መንገድ ልልቀቅ ብሎ ጠርዝ ላይ አቁሞት ነበር። ጠርዙ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር የለበሰ ጭቃ ነው። ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ጎማው እየሰመጠ ሄደ። እኔ ከኋላ ስገፋ ሱሪዬም ጫማዬም የአርደንን አፈር ጠጥቶ ረካ። ያን ሁሉ ስንረግመው የነበረው ትራክተር ያን ጊዜ መጣ። ከላዩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወረዱ፤ ኮፍያቸው ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ምንም ሳይጠይቁ ሰንሰለት አወጡ።

ወዳጄ በአገሩ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው፤ በፈረንሳይኛም ያው ነው። ሽማግሌውን «አንተ» እያለ አመሰገናቸው። በፈረንሳይ ለማያውቁት ሽማግሌ እንዲህ ማለት ነውር ነው። ሰውየው ለአፍታ ቅንድባቸውን አነሱና፣ ምናልባት ወዳጄ ከልቡ እንደሆነ ገብቷቸው፣ እሳቸውም «አንተ» ይሉት ጀመር። ከየት ናችሁ አሉ። ሐረር አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰምተውታል። በየጊዜው ዝናብ ላይ ቆሞ ግንብ የሚያይ ሰው እንደሚመጣ ነገሩን።

ስለ ገጣሚው ግን ብዙ የሚሉት አልነበራቸውም። የሚያወሩት ስለ አፈራቸው ነው። በ1870 ፕሩሲያዎች በዚህ አልፈዋል። ከ1914 እስከ 1918 አርደን ከዳር እስከ ዳር በጀርመን እጅ ነበር፤ በፈረንሳይ እንዲያ ሙሉ በሙሉ ተይዞ የከረመ ሌላ አውራጃ የለም። በ1940 በሜይ ወር ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ከብቱን ፈትቶ፣ የሚችለውን ጭኖ፣ ወደ ምዕራብ ወደ ቫንዴና ዶ-ሴቭር እንዲሰደድ ታዘዘ። እዚህ ኮረብታው ላይ ቮንክ መንደር እስከ ጁን መጀመሪያ ድረስ ተዋግቶ ተቃጠለ። ስደተኛው ልመለስ ሲል አርደን የተከለከለ ቀጠና ሆኖ አገኘው። መሬቱን ኦስትላንድ የተባለ የጀርመን የእርሻ ድርጅት ያርሰው ነበር። የሰውየው አባት የገዛ ማሳቸው ላይ የሰው ሠራተኛ ሆነው ነው የተመለሱት።

«እዚህ ያለው ሁሉ አልፎ ሂያጅ ነው» አሉን። «ንጉሥም፣ ወታደርም፣ ገጣሚም። የምንቀረው እኛና ይኼ ሥር ነን።»

ወዳጄ ስለ ራምቦ አንድ ነገር እንዲሉለት አጥብቆ ለመናቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ።

«እናቱ መሬት መግዛት የሚያውቁ ሴት ነበሩ አሉ።»

ይህን ሲሉ ወዳጄ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ምክንያቱም ጉዳዩን ጠንቅቆ ያውቃል። ራምቦ በ1880 መጨረሻ ሐረር የገባው ኤደን ላይ ንግድ ቤት ለነበራቸው ለባርዴ ወኪል ሆኖ ነው። ቡና ይገዛል፣ ቆዳ ይገዛል፣ ዝሆን ጥርስ ይገዛል። ከደመወዙ የቆጠባትን እየላከ፣ እናቱ በወለድ እንዲያስቀምጡለት ይለምናል። እሳቸው ግን በገንዘቡ እዚያው ሮሽ መሬት ገዙበት። እሱ ከኤደን ሆኖ፣ መሬት ምን ያደርግልኛል ሲል በምሬት ጻፈ። እናት አልሰሙም። ገንዘብ ይጠፋል፤ መሬት አይጠፋም። ጦር የሚያልፍበት አገር ሰው እንዲህ ቢያስብ አይደንቅም።

«ስለዚህ» አለ ወዳጄ ክንዱን ዘርግቶ፣ «ከዚህ ማሳ ከፊሉ የሐረር ቡና ነው!»

ሽማግሌው መጀመሪያ ተደናገጡ፤ መሬት ሊጠይቅ የመጣ ባለ መብት መሰላቸው። ሲገባቸው ከልባቸው ሳቁ። ወዳጄ ከግንቡ ሥር ሊያስቀምጠው ይዞት የመጣውን የሐረር ቡና ከመኪናው አውጥቶ ሰጣቸው። ከድንጋይ ይልቅ ለሰው መስጠት ይሻላል በሚለው ሁለታችንም ተስማማን። እሳቸውም ቡናውን አሽትተው፣ ኪሳቸው ከተቱና ሞተራቸውን አስነሡ።

ቡናውና መሬቱ ይህን ያህል ከተነሡ ሌላውን ዕቃ መተው አይገባም። ከሐረር ወደ ሮሽ የሚሄደው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። በ1883 የፎቶ ማንሻ አስመጥቶ ራሱን አንሥቶ ላከላቸው። ከሮሽ ወደ ሐረርና ወደ ኤደን ደግሞ መጽሐፍ ይሄድ ነበር። ግጥም እንዳይመስላችሁ። ስለ ቆዳ ፋቂነት፣ ስለ ማዕድን፣ ስለ ቁልፍ ሥራ፣ ስለ ጡብና ስለ ሻማ አሠራር መመሪያ መጻሕፍት ነው ላኩልኝ ያለው። በ1887 ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ ገባ፤ ሒሳቡን ሲጨርስ ያሰበውን ትርፍ አላገኘም። ይህን ሁሉ ሮሽ በደብዳቤ ትከታተላለች። ስለዚህ ያቺ ቤት በመላው አርደን ውስጥ ስለ ሸዋና ስለ ሐረር ንግድ ከማንም በላይ የምታውቅ ቤት ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም።

የመጨረሻው ጉዞው በጣም የከበደው ነው። በ1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ፣ 16 ተሸካሚዎች ከሐረር እስከ ዘይላ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክመውት ሄዱ። በሜይ መጨረሻ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ወዲያው ለሐረሩ ገዥ ለራስ መኮንን ደብዳቤ ጻፈ፤ እግሬን አጣሁ፣ ሆኖም እመለሳለሁ ብሎ። በጁላይ መጨረሻ ሮሽ ገባ። ያ በጋ ብርድና ዝናብ የበዛበት ነበር። አንድ ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ ፀሐይ ናፍቆኛል ብሎ ከእህቱ ከኢዛቤል ጋር ለመውጣት ተነሣ። ገና ሌሊት ሳለ በጋሪ ወደ ቮንክ ጣቢያ ጉዞ ጀመሩ። እህቱ እንደጻፈችው ፈረሱ አልሄድም ብሎ ገገመ። ሲደርሱ ባቡሩ ሄዷል። ሌላ ባቡር እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። እግሩን ያጣ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ከሮሽ ለመውጣት እንኳ አንድ ቀን ሙሉ ሊፈጅበት ነው።

ይህን ታሪክ ለወዳጄ የነገርኩት እኛም ወደ ባቡራችን ስንበር ነው። ወደ ፓሪስ የምመለስበት የመጨረሻው ባቡር ከሬቴል ጣቢያ ነበር የሚነሣው። ጊዜው በቂ ነበር፤ ትራክተሮቹ ባይኖሩ። ጣቢያው ስንደርስ የባቡሩ ቀይ መብራት ርቆ ይታይ ነበር። ጣቢያው ተዘግቷል፤ ሰዓቱን የሚናገር ማሽን ብቻ በትሕትና ነገ ጠዋት ይላል። ወዳጄ ነገ ማለዳ ሥራ አለው። እኔ ደግሞ በዚያ ጭቃ ሱሪ ማን ሆቴል ያስገባኛል? ወደ ፓሪስ መሄድ የነበረብኝ ሰውዬ ወደ ሰሜን፣ ብራስልስ ሄጄ አደርኩ። ሌሊት ላይ የወዳጄ ሚስት በሩን ከፍታ ከጫማችን እስከ ጉልበታችን አየችና፣ «ገጣሚውን አገኛችሁት?» አለች። ማንም አልመለሰም። የሠራችውን ሽሮ ግን አመስግነን ጨረስነው።

የፈረንጆቹን ወሬ እንግዲህ ከዚህ በኋላ ልሰማት አልችልም። ራምቦ ከሮሽ ወጥቶ የገባባት ሐረር በግንብ የታጠረች፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያላት፣ ቡናዋ በዘይላና በኤደን በኩል ዓለም የሚደርስ ከተማ ነበረች። ግብፆች ገዝተዋታል፤ በ1887 ምኒልክ ያዟት፤ ኃያላን የሚሻሟት ገበያ ናት። ሰው ከመቶ ሰው መንደር ወጥቶ እንዲህ ያለ ከተማ ገብቶ ነግዶ ቢኖር፣ ከጥግ ወደ መሐል መጣ ይባላል እንጂ ወደ ጥግ ሄደ አይባልም። እሱም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ኖቬምበር 10 ቀን 1891 ማርሴይ ላይ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ያስጻፈው ደብዳቤ ለመርከብ ድርጅት ኃላፊ ነበር፤ በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ ተሸክመው እንደሚያስገቡት ሊጠይቅ። ወደ ሮሽ የሚመልሰኝን ባቡር ፈልጉልኝ አላለም።

ሮሽን ግን አትናቋት። መሬቷ ለም ነው፣ ሰዋ ደግ ነው፣ ታሪኳም ለአንድ ገጣሚ ብቻ የሚተርፍ አይደለም። ልሂድ የምትሉ ካላችሁ ከእሑድ ውጭ ሂዱ፤ ትምህርት በተዘጋበት ሰሞን አትሂዱ፤ ሥር በሚነቀልበት ወር አትሂዱ፤ ነዳጁን ሻርልቪል ላይ ሙሉ፤ ሣሩ ላይ አትቁሙ፤ ቤልጂየም ውስጥ ታንክ ካያችሁ ተመለሱ። ሐረር መምጣት ለፈለገ ግን ይህ ሁሉ መመሪያ አያሻውም። ድሬዳዋ ላይ የሚጠበቀው ሚኒባሱ እስኪሞላ ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ይሞላል።